የማራቲ ሲኒማ በ2016

እኛ አገር «የህንድ ፊልም» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የሂንዲ ፊልም ነው። የቦሊውድ መናኸሪያ የሆነችው ሙምባይ ግን የማሃራሽትራ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ የግዛቷ ቋንቋ ደግሞ ማራቲ ነው። የማራቲ ፊልም በገዛ ከተማው በሂንዲ ተውጦ ብዙ ዘመን ኖሯል። በፈረንጆቹ 2016 ግን ቀና አለ።

ዓመቱ ገና ሲጠባ፣ ጃንዋሪ 1፣ «ናትሳምራት» ሲኒማ ቤት ገባ። ናና ፓቴካር ያለውን ሁሉ ለልጆቹ አውርሶ ሜዳ ላይ የቀረ አዛውንት የቲያትር ተዋናይ ሆኖ ይተውንበታል። ታሪኩ ከታወቀ የመድረክ ተውኔት የተወሰደ ነው።

ኤፕሪል 29 ደግሞ የናግራጅ ማንጁሌ «ሳይራት» መጣ። ፓርሽያ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። አርቺ የባለርስትና የፖለቲከኛ ልጅ ናት፤ ቡሌት ሞተር ሳይክል ትነዳለች፣ ትራክተርም ታሽከረክራለች። ይዋደዳሉ፤ ግን የእሱ ዘር ዝቅ ያለ ነው ይባላል፣ የእሷ ከፍ ያለ። የዳሊት ልጅ፣ ማለትም በህንድ የዘር ደረጃ ከሁሉ በታች ከሚቆጠሩት ወገን የሆነው ዳይሬክተሩ ፊልሙን የቀረጸው ባደገበት በካርማላ አካባቢ ነው። መሪ ተዋንያኑ ሪንኩ ራጅጉሩና አካሽ ቶሳር ከዚያ በፊት ፊልም ሠርተው አያውቁም። የሙዚቃ ደራሲዎቹ የአጃይና አትል «ዚንጋት» የተባለው የፊልሙ ዘፈን ሲጀምር ተመልካቹ ወንበሩን ትቶ ይጨፍር ነበር።

መጨረሻው ግን ሌላ ነው። ጥንዶቹ ጠፍተው፣ ጎጆ ወጥተው፣ ልጅ ወልደው ሳለ የአርቺ ዘመዶች ስጦታ ይዘው ይመጣሉ። አርቺ ሻይ ታፈላላቸዋለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕፃኑ ከጎረቤት ሲመለስ የሚያገኘው የእናት አባቱን ሬሳ ነው። እያለቀሰ ሲወጣ ትንንሽ እግሮቹ ወለሉ ላይ የደም አሻራ ይተዋሉ። ድምፅ የለም፣ ሙዚቃም የለም። ዘፈኑን ሲጨፍር የነበረ አዳራሽ ጸጥ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ የፊልሙ ጉልበት ሁሉ እዚህ ጸጥታ ውስጥ አለ።

«ሳይራት» ከ100 ክሮር ሩፒ፣ ማለትም ከ1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ በማስገባት የመጀመሪያው የማራቲ ፊልም ሆነ።

ኖቬምበር ላይ የወጣው «ቬንቲሌተር» ለራጄሽ ማፑስካር የህንድ ብሔራዊ የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማትን አስገኘ። ፕሮዲውሰሯ ፕሪያንካ ቾፕራ ነበረች። ስለተጨነቀ ወጣት የሚተርከው «ካሳቭ» ደግሞ በዚያው ዓመት ሽልማት የመላ ህንድ ምርጥ ፊልም ተባለ።

በ2018 ቦሊውድ «ሳይራት»ን «ዳዳክ» ብሎ በሂንዲ ሠራው። ታሪኩም ከካርማላ ተነስቶ ወደ ራጃስታኗ ኡዳይፑር ተዛወረ።