አራት ወንበር ማለት አራት ሰው ማለት አይደለም

ትንንሽ አውሮፕላን እንደማበርር ያወቀ ሰው ቀጥሎ የሚለኝን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ፒያሳ ይሁን ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ለውጥ የለውም። አሁን አሁን ደግሞ ገንዘብ ያላቸው የሐዋሳ ሰዎች «አንዷን ልግዛ እንዴ?» እያሉ መምጣት ጀምረዋል። እነሱም ይዘው የሚመጡት ስለ ትንንሽ አውሮፕላን ከሰው አፍ የማይጠፋውን ያንኑ የተሳሳተ ወሬ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን «ሂድና አንብብ» እለዋለሁ።

ከቀላሎቹ ልጀምር።

«ሞተሩ ከጠፋ ቁልቁል ትከሰከሳለች።» አትከሰከስም። አየር ላይ የሚያቆያት ክንፏ ነው፤ የሞተሩ ሥራ ወደፊት መግፋት ነው። ሞተሩ ሲቆም አብራሪው አፍንጫዋን ዝቅ ያደርግና እየተንሸራተተች ትወርዳለች። ባለ አራት ወንበሯን ሴስና 172ን እንውሰድ። በዓለም ላይ በብዛት የተመረተችው አውሮፕላን እሷ ናት። ነፋስ ከሌለ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሯ ቢጠፋ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ሜዳ ለመምረጥ ጊዜ አለ ማለት ነው። ባትሪው ቢሞት ደግሞ ሞተሩ ጭራሽ አይጠፋም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጡት ማግኔቶ የሚባሉ ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ ከባትሪው ጋር ጉዳይ የላቸውም።

«ፓራሹት ትይዛላችሁ አይደል?» አንይዝም። ሲረስ በሚባሉት አውሮፕላኖች ላይ አለ፤ እሱም ሰውን ሳይሆን አውሮፕላኗን እንዳለች የሚያወርድ ነው።

«መነጽር ያደረገ ሰው አብራሪ አይሆንም።» ይሆናል። በመነጽር በደንብ ካየ የሕክምና ምርመራውን ያልፋል። ትርፍ መነጽር መያዝ አለበት፤ በቃ።

«ትንሽ አውሮፕላን የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ለእኛ አገር ባዕድ ነገር ነው።» ፀሐይ የተባለችው ባለ ሁለት ሰው አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ የበረረችው በ1928 ዓ.ም. ነው። ከጀርመናዊው መሐንዲስ ጋር ኢትዮጵያውያን ሠርተውባታል። ጣሊያን ወሰዳት፣ በ2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ቅንጦት ነው ካላችሁኝ እስማማለሁ። ባዕድ ነው ካላችሁኝ ግን አልስማማም።

«ችግር ከመጣ ፈጣን መንገዱ ላይ ማረፍ ነው።» ይህችን የሚወዷት አዳማ ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። ሰፊውን አስፋልት አይተው ነው። መንገዱ ላይ ሲኖትራክ አለ፣ ምሰሶ አለ፣ መሐል ላይ ብረት አለ፣ ከላይ የሚያቋርጥ ድልድይ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ ከአየር ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሲደረስበት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የታጨደ የጤፍ ማሳ እመርጣለሁ።

«ሐዋሳ ሙቀት ነው፤ በረዶ ምን ያደርጋል?» ካርቡሬተር፣ ማለትም አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ዕቃ፣ ያላቸው የቆዩ ሞተሮች ውጭ 20 ዲግሪ እያለ ውስጣቸው በረዶ ሊጋግር ይችላል። አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ አንገት ሲያልፍና ነዳጁ ሲተን ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ያ እርጥበት ይረጋል። ክረምት ላይ የሐይቅ ዳር አየር ለዚህ የተመቸ ነው። ሞተሩ ጉልበቱን የሚያጣው ቀስ በቀስ ስለሆነ ጀማሪ አያስተውለውም። መፍትሔው ትኩስ አየር የሚያስገባውን ማንሻ መሳብ ነው። ሲሳብ ሞተሩ መጀመሪያ ይብስበታል፣ ያንቋርራል፤ ጀማሪው ደንግጦ መልሶ ይገፋዋል። አትግፋው።

አሁን ወደ ዋናው።

«አራት ወንበር አላት አይደል? አራት ሆነን እንሄዳለና!»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሰው «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይጨምራል» እየተባለ በሚኒባስ ስላደገ፣ ወንበር ካለ ቦታ አለ ብሎ ያስባል። አውሮፕላን ግን ወንበር አትቆጥርም። የምትቆጥረው ኪሎ ነው።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ከሴስና 172 ዓይነቶች አንዷ የሆነችው 172ኤስ ከነጭነቷ እንድትመዝን የሚፈቀደው ቢበዛ 1,157 ኪሎ ነው። ባዶዋን፣ እንደተገጠመላት ዕቃ ቢለያይም፣ 760 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ወደ 395 ኪሎ ይቀራል። ነዳጅ ስትሞላ 200 ሊትር ገደማ ትይዛለች። አንዱ ሊትር 0.72 ኪሎ ነው፤ 144 ኪሎ ሄደ። የቀረው 250 ኪሎ፣ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሆኑ አራት ሰዎች 300 ኪሎ ናቸው። ሻንጣ ገና አልገባም። ለአዲስ አበባ ዘመድ የሚላከው ቆጮም ገና አልገባም። አብራሪው ከአራቱ አንዱ መሆኑንም አትርሱ፤ እሱን ማስቀረት አይቻልም።

ስለዚህ ወይ አንድ ሰው ይቀራል፣ ወይ ነዳጅ ይቀነሳል። ሦስተኛ ምርጫ የለም። አጎቴ ግን ሦስተኛ ምርጫ አለ ባይ ነው። የልጁ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹንና ሚዜዎቹን ከእኔ ጋር አምስት አድርጌ በኪራይ አውሮፕላን እንዳመጣ ፈልጎ ነበር። «ልጆቹ እኮ ቀጫጭን ናቸው» አለኝ። ወንበሩ ራሱ አራት መሆኑን ስነግረው «ሙሽራዋ ታቅፋ ትቀመጣለች» አለ። እስከ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ነን።

ኪሎም በአፍ አይነገርም። ሰው ሲጠየቅ የሚናገረው ከማግባቱ በፊት የነበረውን ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? እነሱ ጋ ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ ተመዝናችሁ ኑ።

ይህ ሁሉ ገና የወረቀቱ ሒሳብ ነው። የእኛ አገር ሒሳብ ከዚህ ይከፋል። አዲስ አበቤ ለሙቀት ወደ ሐዋሳ «ስለሚወርድ» ሐዋሳ ዝቅተኛ ቦታ ትመስለናለች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት። እኔ የተማርኩበት የናይሮቢው ዊልሰን አየር ማረፊያም ከፍታው ከዚህ ብዙም አይለይም። ለዚህ ከፍታ የአውሮፕላን መጻሕፍት መደበኛ የሚሉት ሙቀት 4 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ ጋ መጋቢት ላይ በቀትር 30 ዲግሪ ይገባል። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ሲሰላ አውሮፕላኗ ከ2,600 ሜትር ላይ የምትነሳ ያህል ትሆናለች። ቦሌ ራሱ 2,334 ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሞቃት ቀን ሐዋሳ የቆመች አውሮፕላን ከቦሌ በላይ ያለች ይመስላታል።

የሳሳ አየር ሦስቴ ይጎዳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፤ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፕሮፔለሩ የሚቀዝፈው ያንሰዋል። ክንፉ የሚደገፍበት ያንሰዋል። ውጤቱ፣ ለመነሳት የምትንደረደረው ርቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያስፈልጋት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ወደ ላይ የምትወጣበት ፍጥነትም ግማሽ ገደማ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ስናገር አንድ ብልጥ ሁልጊዜ አይጠፋም። «የሐዋሳ ማኮብኮቢያ የመንገደኛ አውሮፕላን የሚያርፍበት ነው፤ ረጅም ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ይበቃታል። ከተነሳችስ በኋላ? ማኮብኮቢያው ረዘመ ማለት አየሩ ወፈረ ማለት አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ በምሥራቅም በምዕራብም መሬቱ ይነሳል። ተራራው እየቀረበ አውሮፕላኗ ካልወጣች የማኮብኮቢያው ርዝመት ምንም አይጠቅምም።

አይቼዋለሁም። ኬንያ ውስጥ አንድ የገጠር ማኮብኮቢያ ላይ አንድ ሰውዬ ሦስት ጓደኞቹን ጭኖ፣ ነዳጁን ሞልቶ፣ በቀትር ተነሳ። መሬት ለቀቀች። ጓደኞቹ እጃቸውን አውለበለቡልን። ከዚያ በኋላ ግን አልወጣችም። ክንፍ ከመሬት ጋር ሲጠጋጋ ትንሽ እገዛ ያገኛል፤ የክንፏን ርዝመት ያህል ከፍ ስትል ያ እገዛ ይቀራል። እዚያው ላይ እየተንሳፈፈች ሄደችና ከአጥሩ ማዶ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ተቀመጠች። ሰው አልተጎዳም፤ ፕሮፔለሩና የፊት ጎማው ግን ሄዱ። ሰውየው እንደወረደ ያለው «ሞተሩ ደከመብኝ» ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። በዚያ አየር የሚችለውን ሁሉ ሰጥቶታል።

ክብደቱ ልክ ቢሆን እንኳን የት ተቀመጠ የሚለው አለ። ከባዶቹ ሰዎች ኋላ ተቀምጠው ሻንጣው ከእነሱ ኋላ ከታጨቀ ጭራዋ ይከብዳል። ጭራ የከበዳት አውሮፕላን አፍንጫዋ ወደ ላይ ይሸሻል። ክንፏ አየሩን መያዝ ካቃተው፣ እኛ ስቶል የምንለው ማለት ነው፣ አፍንጫዋን መልሶ ማውረድ ያስቸግራል፤ ከልክ ካለፈም አይቻልም። «አንተ ጎበዝ ነህ፣ ትይዛታለህ» የሚለኝ ሰው አለ። ጉብዝና ጭራውን አያቀለውም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፤ ሰው ግን አይወደውም። በጠዋት ብረሩ። አንድ ሰዓት ላይ አየሩ ቀዝቃዛና የተረጋጋ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ስላለ «የበረራ ቀን» የሚመስላችሁ፣ ለትንሽ አውሮፕላን ከቀኑ ሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ ያንገጫግጫል። ወፎቹም በዚያው ሞቃት አየር ላይ ይወጣሉ። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚሻሙትን አባ ኮዳዎች ታውቋቸዋላችሁ። ትልልቆቹ እስከ 9 ኪሎ ይመዝናሉ። «ወፍ ምን ታደርጋለች» የሚል ሰው፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየሄደ 9 ኪሎ ነገር በመስታወቱ ሲገባበት ያስብ።

አሁን ለገዢዎቹ።

«ቱሪስት እያመላለሰች ወጪዋን ትሸፍናለች።» የግል አብራሪ ፈቃድ ያለው ሰው ለክፍያ መንገደኛ መጫን አይፈቀድለትም። ለዚያ የንግድ አብራሪ ፈቃድና ድርጅቱ ራሱ የአየር ትራንስፖርት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የግሉን ፈቃድ ለማግኘት ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት 40 ሰዓት በረራ ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። «የራሴ ናት፣ ደስ ባለኝ ጊዜ እነሳለሁ» የሚባለውም የለም። የበረራ ዕቅድ ይቀርባል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የተከለከለ የአየር ክልልም አለ።

«ቤንዚን ናት፣ ከማደያ እቀዳለሁ።» አብዛኞቹ የሚጠጡት አቭጋዝ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ያለው ነዳጅ ነው። የትልልቆቹ የጄት ነዳጅ ሌላ ነው። የጄት ነዳጅ በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከገባ ክፋቱ ወዲያው አለመታወቁ ነው። በቱቦው ውስጥ በቀረው አቭጋዝ ትነሳለች፤ ከመሬት ከለቀቀች በኋላ ሞተሩ ይፈርሳል። አቭጋዝ በየአየር ማረፊያው አይገኝም። ስለዚህ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ አቅም ካላችሁ እንደ ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ ያለ የጄት ነዳጅ የሚጠጣ የናፍጣ ሞተር ያላትን ፈልጉ እላለሁ።

«ካልበረረች ወጪ የላትም።» ይህ የባሰ ነው። የቆመች አውሮፕላን ሞተሯ ከውስጥ ይዝጋል፤ ዘይቱ ይወርድና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ሃንጋሩ (የምትቆምበት መጠለያ)፣ ኢንሹራንሱ፣ ዓመታዊ ምርመራው በረረች አልበረረች አይቀሩም። የ172ኤስ ሞተር አምራቹ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት፣ ቀድሞ የደረሰው፣ ሲሞላ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል ይላል። እድሳቱ በአሥር ሺህዎች ዶላር ነው። ብር አላልኩም። አዲሷን መግዛት ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ ሁሉም ያገለገለች ይፈልጋል፤ ያገለገለችን ርካሽ የሚያደርጋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተከፈለው የሞተር እድሳት ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ቅጠሩ። የሲሊንደሮቹን ግፊት ይለካ፣ የዘይት ማጣሪያውን ቆርጦ የብረት ፍቅፋቂ ይፈልግ፣ ክንፉ ሥር ዝገት ይይ። የበረራና የጥገና መዝገቧን፣ ሎግ ቡኩን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ካልገባችሁ የሚገባው ሰው ያንብብላችሁ። ሻጩ «ሎግ ቡኩ ጠፍቷል፣ አውሮፕላኗ ግን ምንም አትልም» ካላችሁ፣ የቀረበላችሁን ሻይ ጨርሱና ተሰናበቱት።