«ምስክር አለኝ» ማለት ብሬ አለኝ ማለት አይደለም

የጥብቅና ቢሮዬ አቃቂ ነው። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን፣ ከቂሊንጦ የሚመጣ ባለጉዳይ ገና በቅጡ ሳይቀመጥ የሚናገራት ነገር አለች። «ወረቀት የለኝም፤ ምስክር ግን ሞልቶኛል።» ተከሳሹ ሁሌ ዘመድ ነው። ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ አማች። እውነቱን ልናገር፣ ሰልችቶኛል። ሰው እውነት ብሎ ከያዛቸው ሌሎች አባባሎች ቀላል ቀላሉን አስቀድሜ ልጨርስና ወደሷ ልምጣ።

«ያልተጻፈ ውል ውል አይደለም።» ነው እንጂ! በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕግ በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። በቃልም ይጸናል። የአጎትህን ልጅ ሱቅህ ውስጥ «በወር ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ብለህ ካቆምከው ተዋውለሃል። ዘመድ ስለሆነ ብቻ በነጻ አይሠራልህም።

«የቀበሌ ማህተም ከሌለው ዋጋ የለውም።» ማህተም ማን ጠየቃችሁ? ተራ የጽሑፍ ውል ተዋዋዮቹ ይፈርሙበታል፣ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል፣ አለቀ። የቤትና የመኪና ሽያጭ ሲሆን ነው ውልና ማስረጃ የሚኬደው።

«ከገበሬው ላይ መሬቱን በውል ገዝቻለሁ፤ ደግሞም አጎቴ ነው።» በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አጎትም ቢሆን።

አሁን ወደ ምስክሩ። ውል በቃልም ይጸናል ብያለሁ፤ መጽናቱና ፍርድ ቤት ማስረዳቱ ግን ለየቅል ናቸው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 እንዲህ ይላል፤ ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ፊት ሲያምን፣ ወይም እዚያው በሚደረግ መሐላ ብቻ ነው። የሰው ምስክር የሚባል ነገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልኳንዳ ቤት ብትሄዱ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ስለዚህ ዛሬ ሰው «ብድር» ብሎ የሚጠራው ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ መስመር በላይ ነው።

አንድ ሰው ሲኖትራኩን ሸጦ ብሩን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠ። ታናሽየው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብሎኬት ማምረቻ ሊከፍት ነው። ብሩ በጥሬው፣ የልጅ ክርስትና ቀን፣ ሳሎን ውስጥ ተቆጠረ። አጎት ነበሩ፣ የክርስትና አባት ነበር፣ ጎረቤቶች ነበሩ፣ የዕድሩ ሰብሳቢም ነበሩ። ማሽን ተገዛ፣ ሲሚንቶ ገባ፣ ሥራው ሄደ። ብሩ ግን አልተመለሰም። ሲከሰስ ታናሽየው «ብድር የሚባል ነገር አላውቅም» አለ። ጠበቃው መልሱ ላይ ቁጥር 2472ን ጠቅሶ ተቃወመ። ምስክሮቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተመለሱ።

ሰውየው እኔ ጋ የመጣው ከተሸነፈ በኋላ ነው። አጎትየውም አብረውት መጡ፤ ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በንዴት። «ልጄ፣ እንግዲህ እኔ ነኝ ውሸታም?» አሉኝ። ማንም ውሸታም አላላቸውም። አባባ ሐቁን ነው የሚናገሩት፤ ዳኛውም እውነት መሆኑን ሊጠረጥር ይችል ይሆናል። ግን ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ሕጉ በር አልከፈተላቸውም። አምስት አጎት ቢደረደርም ያው ነው።

እዚህ ላይ ወጣቶቹ ስልካቸውን ያወጣሉ። «እኔ እኮ በጥሬው አይደለም፣ በባንክ ነው የላኩት፤ ስክሪንሾት አለኝ።» ጥሩ ነው፣ ከምንም ይሻላል። ግን ስክሪንሾቱ ብሩ መሄዱን ያሳያል እንጂ ለምን እንደሄደ አያሳይም። ስጦታ ነው? የድሮ ዕዳ መክፈያ ነው? የሽርክና መዋጮ ነው? ስትልኩ ምክንያት የምትሞሉባት ክፍት ቦታ አለች አይደል? ሁሉም ሰው «ሰላም» ወይም «ኦኬ» ጽፎ ያልፋታል። አንዲት ደንበኛዬ ለባሏ ወንድም በፋሲካ ሰሞን ዳጎስ ያለ ብር ላከች። ብድር ብላ መጻፍ ስላሳፈራት «የበዓል» ብላ ጻፈች። ሰውየው ሲጠየቅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የበዓል ስጦታ ነው፤ ራሷ ጽፋዋለች።» እባካችሁ «ብድር፣ መስከረም የሚመለስ» ብላችሁ ጻፉ። ጣት አያልቅም።

ተበዳሪዎችም ስሙ። ስትከፍሉ ደረሰኝ ያዙ ወይም በባንክ ክፈሉ። «ከፍያለሁ» የሚል ሰው መክፈሉን ማስረዳት የሱ ፋንታ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው። «ወንድሜን ፈርም ብለው ያዝንብኛል፤ አላመነኝም ይላል።» ወረቀቱ እኮ ለወንድምህ አይደለም። እሱማ ያውቀዋል። ወረቀቱ ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ላልነበሩት ነው። ነገ ወንድምህ ቢሞት ዕዳው አብሮት አይቀበርም፤ ከውርሱ ይከፈላል። ግን የምትጠይቀው ሚስቱንና ልጆቹን ነው። እነሱ ስለ ብድሩ የሰሙት ነገር የለም፤ «የለም» ቢሉህም እየዋሹ አይደለም። አንተም ብትሞት የአንተ ልጆች አጎታቸው ላይ ያላቸውን አያውቁም።

ሚስት ካልን አይቀር፣ ያቺ 500 ብር እዚህም አለች። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለመበደርም፣ ለማበደርም፣ ለሰው ዋስ ለመሆንም የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሁለቱም ወንድማማቾች ሚስቶች ይፈርሙ። ኋላ «ሳልሰማ ነው» የሚል ክስ እንዳይመጣ።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሥራው ሲያተርፍ «ሽርክና ነበር» ይላሉ፣ ሲከስር «ብድር ነበር» ይላሉ። አንዱን ምረጡ። ብድር ከሆነ ቢከስርም ይመለሳል፣ ትርፍ ግን የለህም። ሽርክና ከሆነ ትርፍ አለህ፣ ኪሳራውም ይደርስሃል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ ማን፣ ስንት፣ ለምን፣ መቼ ይመለሳል ወይም ትርፍና ኪሳራ እንዴት ይከፈላል፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግስ። ወለድ ውሉ ላይ ካልተጻፈ የለም፤ ቢጻፍም ከዓመት 12 በመቶ መብለጥ አይችልም።

«በስሙ ነው እንጂ የኔ ነው፤ ራሱም ያውቃል።» ይህቺ የኮንዶሚኒየም በሽታ ናት። ዕጣው የወጣው ለወንድም ነው፤ ቅድመ ክፍያውንም የየወሩንም የምትከፍለው ውጭ አገር ያለች እህት ናት። ካርታው በስሙ ከወጣ ሕጉ ባለቤት የሚለው እሱን ነው። ተቃራኒውን ማስረዳት የእሷ ሥራ ነው፤ በጣም ጠባብ መንገድ ነው። ይባስ ብሎ ወንድምየው ባለትዳር ከሆነ በጋብቻው ውስጥ የመጣ ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ሲፋቱ የምትካፈለው ሚስት እንጂ ከፋይዋ እህት አይደለችም። የባጃጅ ሊብሬም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ገንዘብ ስትልኩ ለምን እንደሆነ የሚናገር፣ ወንድምየውና ሚስቱ የፈረሙበት ወረቀት ይኑራችሁ። ቢያንስ ገንዘባችሁን መጠየቂያ ይሆናል።

«እማማ ጣታቸውን አሳርፈዋል።» ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይነ ስውር የሆኑ ሰው ጣት ቢያሳርፉም፣ ቢፈርሙም፣ ውልና ማስረጃ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አይገደዱበትም። ልጆች እናታቸውን ቤት ውስጥ አስፈርመው የውርስ ድርሻ ሲያስለቅቁ ስላየሁ ይህን ሕግ እወደዋለሁ።

«ባልና ሚስት ነን፣ ተዋውለናል።» በጋብቻ ውስጥ እርስ በርስ የተደረገ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም።

«ሽማግሌ የጨረሰው ሕግ ፊት አይቆምም።» ይቆማል፤ ግን ጻፉት። የተጻፈና የተፈረመ እርቅ በታራቂዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው። ሽማግሌዎቻችን ግን መርቀው፣ ቡና ጠጥተው ይበተናሉ። በስድስተኛው ወር ሁሉም የተባለውን የሚያስታውሰው በየራሱ ነው።

«ዘመድ ስለሆነ ጊዜ አያልፍበትም።» ያልፍበታል። መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ በደንቡ 10 ዓመት ነው። እርግጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1853 ለዘመድ ትንሽ ቀዳዳ ትታለች፤ አበዳሪው በዝምድና ምክንያት ሳይጠይቅ ቆይቷል ብሎ ዳኛው ካመነ፣ «ጊዜው አልፏል» የሚለውን የይርጋ መከራከሪያ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። ውሳኔው የዳኛው ነው፤ በዚያ ተማምኖ አይተኛም። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ያላችሁ በዚህ ሳምንት ኑ፤ ያላችሁን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ። አጎትን ቤት ተዋቸው።