ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የሚሰማሩ የበጎ ፈቃድ የሕክምና ቡድኖች

ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ የአካባቢው ሆስፒታሎች ወይ ይፈርሳሉ ወይ ከአቅማቸው በላይ ይሞላሉ። ይህን ክፍተት ለመሸፈን ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ አገር ለአጭር ጊዜ የሚመጡት ቡድኖች ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎችን፣ ፋርማሲስቶችን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችንና የሎጅስቲክስ ሠራተኞችን ያቀፉ ናቸው። አባላቱ በአብዛኛው ከመደበኛ ሥራቸው ፈቃድ ወስደው የሚዘምቱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው ጠባይ

ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከሚወጡት አብዛኞቹን የሚያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን። ከሩቅ የሚመጣ የመስክ ሆስፒታል ድንኳን ተክሎ ታካሚ መቀበል የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው የሚጠብቀውና የሚያገኘው ሥራ ይለያያሉ። ተራውን የሚሞሉት ያመረቀዘ ቁስል፣ በችኮላ የታሰረ ስብራት፣ መድኃኒታቸው ቤታቸው ውስጥ ተቀብሮ የቀረባቸው የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎች፣ እንዲሁም ምጥ የያዛቸው እናቶች ናቸው። ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን በደረሰው አደጋ ይህ ጎልቶ ታይቷል፤ አብዛኛው ሰው የሞተው በሱናሚው ሰጥሞ ስለነበር፣ ቁስለኛ ለማከም የሠለጠኑት ቡድኖች ያገኙት የጠበቁትን ያህል ቁስለኛ ሳይሆን መድኃኒት የተቋረጠባቸው አረጋውያንን ነበር።

ቁስልን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው። አፈርና አቧራ የገባበት ቁስል ይታጠባል፣ የሞተው ሥጋ ይቆረጣል፣ ከዚያም ሳይሰፋ ክፍቱን ይተዋል፤ የሚዘጋው ከቀናት በኋላ ንጹሕነቱ ሲረጋገጥ ነው። የቴታነስ መከላከያም አብሮ ይሰጣል። በከተማ ሆስፒታል ቁስልን ወዲያው መስፋት የለመደ ሐኪም ይህን መቀበል ይከብደዋል፤ በአደጋ ቀጠና የቆዩ ነርሶች ግን ማስታወስ አይታክታቸውም።

ታሪክ

ዲሴምበር 28 ቀን 1908 የጣሊያኗ መሲና ስትፈርስ ቀድመው ከደረሱት መካከል በአቅራቢያው የነበሩ የሩሲያ መርከበኞች ይገኙበታል። በ1985 በሜክሲኮ ሲቲ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ተደርምሰው በጎ ፈቃደኞች ከፍርስራሹ ሥር ሕፃናትን አውጥተዋል።

በስፋት የተመዘገበው ታሪክ የሚጀምረው ከአርሜኒያ ነው፤ መዝጋቢዎቹም የኩላሊት ሐኪሞች ናቸው። ዲሴምበር 7 ቀን 1988 የስፒታክን ከተማ ያወደመው መንቀጥቀጥ 25,000 ያህል ሰው ገደለ። ከፍርስራሽ በሕይወት ከወጡት ውስጥም ብዙዎች በሰዓታትና በቀናት ውስጥ በኩላሊት መድከም ሞቱ። ምክንያቱ በሕክምና ከታወቀ ቆይቷል፤ ባይዋተርስና ቢል የተባሉ ሐኪሞች በ1941 በለንደን የአየር ድብደባ ሰለባዎች ላይ አይተው ጽፈውታል። ለረጅም ሰዓት የተጨፈለቀ ጡንቻ ክብደቱ ሲነሳለት በውስጡ ያከማቸውን ፖታሲየምና ማዮግሎቢን የተባለ የጡንቻ ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ፖታሲየሙ ልብን ያቆማል፣ ማዮግሎቢኑ ኩላሊትን ይደፍናል። ሲያወጡት ሲያናግራቸው የነበረ ሰው ድንገት የሚሞተው በዚህ ነው።

ለአርሜኒያ ከብዙ አገሮች የዲያሊሲስ ማሽኖች፣ ማለትም በደከመው ኩላሊት ፈንታ ደምን የሚያጣሩ መሣሪያዎች፣ ተላኩ፤ ቅንጅት ግን አልነበረም። የመድኃኒቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ደርሶ፣ ምን እንደመጣ ለይቶ ለማወቅ 50 ሰዎች ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል። 8 በመቶው ሲደርስ ጊዜው ያለፈበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ያወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ይህን አጋጣሚ በማስረጃነት ይጠቅሳል።

ከዚህ በኋላ ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና ማኅበር ለአደጋ ጊዜ የሚሰማራ ግብረ ኃይል አቋቋመ፤ ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋርም አብሮ ይሠራል። ግብረ ኃይሉ በትክክል የተፈተነው ኦገስት 17 ቀን 1999 በቱርክ የማርማራ አካባቢ በደረሰውና ከ17,000 በላይ ሰዎች በሞቱበት መንቀጥቀጥ ነው። በመጨፍለቅ ምክንያት ኩላሊታቸው የተጎዳ 639 ሰዎች ተመዘገቡ፤ 477ቱ ዲያሊሲስ አስፈለጋቸው። ከ639ኙ የሞቱት 15 በመቶ ያህል ነበሩ። ይህ ውጤት የተገኘው የቱርክ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ከውጭ በመጡ የሙያ ባልደረቦቻቸው እየታገዙ፣ ያለ ዕረፍት ስለሠሩ ነው። የዲያሊሲስ ነርስ ስም በጋዜጣ ባይወጣም የማርማራ መዝገብ ግን የእነርሱም መዝገብ ነው።

በ2003 በዚያው በቱርክ ቢንጎል ሌላ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ትምህርቱ በሥራ ላይ ዋለ። የመጨፍለቅ ጉዳት ለደረሰባቸው 16 ሰዎች በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጥቷቸው፣ ዲያሊሲስ ያስፈለጋቸው 4 ብቻ ነበሩ። በ2012 የወጣው የሙያ ምክር ተጎጂዎች ገና ፍርስራሽ ሥር ሳሉ፣ የደም ሥር ከተገኘ፣ በሰዓት አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) መስጠትን ያዛል። ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ፣ ሪንገር ላክቴት ጭምር፣ አይሰጥም።

ጃፓን በ1995 ከ6,400 በላይ ሰዎች ከሞቱበት የኮቤ አደጋ በኋላ፣ በ2005 የአደጋ ሕክምና ቡድኖቿን አደራጀች። በዚያው ዓመት ኩባ ሄንሪ ሪቭ በተባለው ብርጌዷ ከ2,000 በላይ የሕክምና ባለሙያዎችን መንቀጥቀጥ ወደ ደረሰባት ፓኪስታን ልካለች።

ሄይቲና ከዚያ ወዲህ

ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 በሄይቲ የሞተው ሰው ቁጥር እስካሁን ያከራክራል፤ መንግሥት ከ300,000 በላይ ሲል ሌሎች ግምቶች ከዚያ በእጅጉ ያንሳሉ። የማያከራክረው፣ ማን እንደሆነ፣ ምን ሙያ እንዳለው ያልተጠየቀ በጎ ፈቃደኛ በብዛት መግባቱ ነው። አንዳንድ ቡድኖች የራሳቸው ውኃና ምግብ እንኳ ስላልነበራቸው ለተጎዳው ሕዝብ ተጨማሪ ሸክም ሆነዋል። የውጭ ሐኪሞች እጅና እግር ለመቁረጥ ቸኩለዋል የሚል ወቀሳም ቀርቧል። ወቀሳው በከፊል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ራጅም ደምም በሌለበት፣ ቁስሉ መግል ቋጥሮ በቀናት ዘግይቶ የመጣን ታካሚ ያየ ሰው ለመፍረድ አይቸኩልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 የቡድኖችን ደረጃና ዝቅተኛ መስፈርት ያወጣው በዚህ ልምድ ነው። አንደኛው ደረጃ በቀን 100 ተመላላሽ ታካሚ የሚያይ ክሊኒክ ነው። ሁለተኛው 20 አልጋ ኖሮት በቀን 7 ከባድ ወይም 15 ቀላል ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ሦስተኛው 40 አልጋና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው ነው። በኤፕሪል 2015 ኔፓል፣ በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ ቱርክ በዚህ ሥርዓት ቡድኖችን ተቀብለዋል።

መሰማራትና መመለስ

ዛሬ አንድ ባለሙያ ብቻውን ተነስቶ ወደ አደጋ ቦታ እንዲሄድ አይመከርም። የሚሄደው አስቀድሞ በተመዘገበበትና በሠለጠነበት ቡድን በኩል፣ ተቀባዩ አገር ሲጠይቅ ነው። የሙያ ፈቃዱ በአገሩ የጸና መሆን አለበት፤ በዚያ የሚሠራውም የተፈቀደለትን ብቻ ነው። ተለማማጅ ተማሪ በአደጋ ምክንያት ቀዶ ሐኪም አይሆንም። ቡድኑ ውኃውን፣ ምግቡን፣ ነዳጁንና መጸዳጃውን ይዞ ይሄዳል። ተከታታይ ንዝረቶች ስለማይቀሩ የተሰነጠቀ ሕንፃ ውስጥ አይታደርም።

ብዙ ቡድኖች የሚደክሙት በርክክቡ ላይ ነው። አጥንቱ ከውጭ በብረት የተያዘለት ታካሚ ብረቱ የሚወጣለት ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ቡድኑ አገሩ ከተመለሰ ወዲያ ነው። እግሩ የተቆረጠም ሰው ሠራሽ እግርና የፊዚዮቴራፒ ክትትል ለዓመታት ያስፈልገዋል። ስለዚህ መስፈርቱ ቡድኑ ለእያንዳንዱ ታካሚ መዝገብ እንዲይዝ፣ አንዱን ቅጂ ለታካሚው እንዲሰጥ፣ ክትትሉንም ለአካባቢው የሕክምና ተቋም አስረክቦ እንዲወጣ ያስገድዳል።