ንስሐና የነፍስ አባት በደሴ

ንስሐ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ሰው ኃጢአቱን ዐውቆ ይጸጸታል፣ ለካህን ይናዘዛል፣ የተሰጠውን ቀኖና ይፈጽማል፣ በመጨረሻም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይባላል። ጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴም ሥርዓቱ ያው ነው።

የነገሩ ምሰሶ የነፍስ አባት ነው። አንድ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከአጥቢያው አንድ ካህን ይይዛል። ካህኑ በበዓል ቀን ብቅ ይላሉ፣ ቤቱን ጠበል ይረጫሉ፣ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ለቅሶው ያለ እሳቸው አይሆንም። ደሴ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቅሬ (ዕድር) የሚቀባበሩባት ከተማ ስለሆነች የሙስሊም ጎረቤትም «አባ መጡ» ብሎ ሊነግርዎት ይችላል። ችግሩ፣ በብዙ ቤት ዝምድናው እዚሁ ላይ ያበቃል። ጠበሉ ይረጫል፣ ቡናው ይጠጣል፣ ኑዛዜው ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል።

ኑዛዜው ራሱ ቀላል ይመስላል። ቦታው አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግቢ ነው፤ አንድ ጥግ ወይም ዛፍ ሥር። ተናዛዡ ነጠላውን አጣፍቶ ጎንበስ ይላል። «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ ይጀምራል። ካህኑ የሰሙትን ለማንም መናገር አይችሉም። ቀኖናው እንደ ሰውየው ነው፦ ስግደት፣ ጾም፣ ዳዊት መድገም፣ ምጽዋት። የሰው ገንዘብ የወሰደ ግን ሰግዶ ብቻ አይገላገልም፤ መመለስ አለበት። የተጣላም መታረቅ። ሚዛን እየቀሸበ ለኖረ ነጋዴ፣ በእኔ ግምት፣ ከመቶ ስግደት ይልቅ ይቺ ትከብዳለች።

ዓመቱን ሙሉ መናዘዝ ይቻላል፤ ሰዉ የሚበዛው ግን በጾም ነው። 55 ቀን በሚጾመው ዐቢይ ጾምና በነሐሴው ፍልሰታ ካህናት ፋታ የላቸውም። በሰሞነ ሕማማት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ያን ሳምንት ፍትሐት የለም፤ መስቀል መሳለምም የለም። ዓርብ ስቅለት ምእመኑ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ውሎ ወደ ማታ ካህናቱ ፊት ይሰለፋል። ተራው የደረሰ ጎንበስ ሲል ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ ያደርጉታል። በዚያው ተጨማሪ ስግደት ያዙለታል። ጥብጠባ የሚባለው ይህ ነው። ጉልበቱ የዛለ ጎረምሳ «አባ፣ ትንሽ ቀንሱልኝ» ማለቱ አይቀርም።

ደሴ የመንገድ ከተማም ናት። ለመስከረም 21 አምባሰል ወደሚገኘው ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጓዙ ብዙ ምእመናን በዚሁ ያልፋሉ። ስለታቸውን ይዘው፣ ከተሳካላቸውም ተናዝዘው።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ እዚህ አገር «ኃጢአት የለብኝም» የሚል ሰው ብዙ አይገጥምዎትም። «እንጨት ሆኖ የማይጤስ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» ይባላል። በታክሲ ሲያልፍ ቤተ ክርስቲያን ያየ ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ ያማትባል። ከቅዳሴ በኋላ የሚቆርበው ግን በአብዛኛው ሕፃንና አዛውንት ነው። መሀል ዕድሜ ላይ ያለው ከበር ተሳልሞ ይመለሳል። ለምን ቢሉት «ሳልነጻ እንዴት እቀርባለሁ?» ይላል። ትሕትና ይመስላል፤ ግማሹ ግን በራስ መታመን ነው። መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል፣ ከዚያ እግዚአብሔር ይቀበለኛል እንደማለት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ቀራጭ ራሱን እስኪያስተካክል አልጠበቀም። ደረቱን እየደቃ «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ሄደ። መዝሙር 50ም የሚጀምረው በልመና ነው፤ «ተሣሃለኒ»፣ ማረኝ ይላል። ዳዊት በደሉን የሚዘረዝረው ምሕረትን ከጠየቀ በኋላ ነው። ሰባኪዎች ስለ ኃጢአት ክብደት ከሚናገሩት ግማሹን ለዚህ ቢያውሉት ጥሩ ነበር።

ወንጌላውያን አማኞች በካህን ፊት አይናዘዙም። ኃጢአታቸውን በጸሎት በቀጥታ ለእግዚአብሔር ይናገራሉ፤ ድነትም በጸጋ፣ በእምነት ነው ይላሉ። የቀራጩን ታሪክ ግን እነሱም ደጋግመው ይሰብኩታል።

ወረድ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ለሥራ ከገጠር የመጡ ወጣቶች የነፍስ አባታቸው ብዙ ጊዜ ትውልድ ቀያቸው ነው ያሉት። አንዳንዱ ለበዓል አገር ቤት ሲገባ ይናዘዛል። አንዳንዱ እዚያው አጥቢያ አዲስ አባት ይይዛል፤ ያኔ የቀድሞውን አስፈቅዶ መለየት ወጉ ነው። ቀጠሮው በስልክ ይያዛል፣ ኑዛዜው ፊት ለፊት ነው።