የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዝውውር፦ ደጋፊው የሚያወራውና እውነታው

ማርች ማድነስ፣ የኮሌጆቹ የአገር ዋንጫ ጥሎ ማለፍ፣ ሊያልቅ ሲል የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ደጋፊ እንቅልፍ ያጣል። ቡድኑ ከውድድር ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ስልኩ በወሬ ይጥለቀለቃል። እገሌ ፖርታል (መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ስም ዝርዝር) ገባ። እገሌ ሊመጣልን ነው። እገሌ ከዳን። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ማኪያቶ ይዘው የሚከራከሩት ልጆቻችንም ከዚህ አልራቁም፤ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ፣ ቅርባቸው ነው። ክርክሩ ይጥማል። ብዙው ግን የተሳሳተ ነገር ላይ የቆመ ነው። በብዛት የሚሰሙትን አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ፖርታል ማለት እንደ ፕሪሚየር ሊግ የዝውውር ገበያ ነው»

እኛ ኳስ ያደግነው በአርሰናልና በማንችስተር ዩናይትድ ስለሆነ ነገሩን ሁሉ ወደዚያ እንወስደዋለን። አይገናኝም። በእግር ኳስ ክለቡ ተጫዋቹን ይሸጣል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ፖርታሉ ግን የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ በኦክቶበር 2018 የከፈተው የስም ዝርዝር ነው። ተጫዋቹ መልቀቅ እንደሚፈልግ ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ያሳውቃል። ዩኒቨርሲቲው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን ያስገባል። እምቢ ማለት አይችልም። ስሙ ከገባ በኋላ የሌላ ቡድን አሰልጣኝ ሊደውልለት ይችላል። ከ2018 በፊት ለዚህ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የተናደደ አሰልጣኝ ካጋጠመው ልጁ ተይዞ ይቀራል።

የዝውውር ሂሳብ የሚባል ነገር የለም። ናሽቪል ውስጥ ቤልሞንት የሚባል አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዊል ሪቻርድ ከዚያ ተነስቶ በ2022 ፍሎሪዳ ገባ፤ በ2025 የአገር ዋንጫ አነሳ። ጃኮቢ ጊሌስፒ ደግሞ ከዚያው በ2024 ወደ ሜሪላንድ ሄደ። ቤልሞንት ከሁለቱም ልጆች አምስት ሳንቲም የዝውውር ሂሳብ አላገኘም። አሁን አሁን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከተጫዋቹ ጋር በሚፈራረሙት ውል ውስጥ የመልቀቂያ ክፍያ ማስገባት ጀምረዋል፤ ያ ግን ገና ጅምር ነው።

በዚህ የሚጎዳው ትንሹ ነው። ጀርሲ ሲቲ ያለው ሴንት ፒተርስ በ2022 ኬንታኪን፣ መሪ ስቴትን፣ ፐርዱን አከታትሎ ጥሎ በ15ኛ ደረጃ ከተመደቡ ቡድኖች የመጨረሻዎቹ ስምንት ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ሆነ። አገር ጉድ አለ። ወዲያው አሰልጣኙ ሻሂን ሆሎዌይ ወደ ሲተን ሆል ሄደ። ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾችም ተበተኑ። ከዚያ ሁሉ ተአምር ለዩኒቨርሲቲው የቀረው ፎቶው ነው ማለት ይቻላል።

«ቀኑ አልፏል፣ ከእንግዲህ የሚመጣ የለም»

የሚያልፈው የመግቢያው ቀን ነው። በ2025 ለወንዶች የተፈቀደው ከማርች 24 እስከ ኤፕሪል 22 ነበር፤ 30 ቀን። ቀደም ሲል 60፣ ቀጥሎ 45 ነበር። ስሙን በጊዜ ያስገባ ተጫዋች ግን መዳረሻውን ከዚያ በኋላ ቢመርጥ የሚከለክለው የለም። በሜይ፣ አንዳንዴም በጁን የሚወስን አለ። ኤንቢኤን እየሞከረ ድራፍቱን (የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫውን) የሚጠብቅም አለ። ስለዚህ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ «አሰልጣኛችን ተኝቷል» ማለት ትንሽ ይቸኩላል።

«ፖርታል የገባ ሁሉ አንድ ቦታ አያጣም»

ያጣል። በ2025 ስማቸው የገባው የዲቪዥን አንድ፣ የከፍተኛው እርከን፣ ወንድ ተጫዋቾች ከ2,000 በላይ ነበሩ። ቡድኖቹ 360 ከምናምን ናቸው። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ሃያ ሠላሳውን ዝነኛ ነው። የቀረው ወደ ዝቅተኛ ዲቪዥን ይወርዳል፣ ወይም ስልኩ ሳይጮህ ይከርማል። ሀሳቡን ቀይሮ መመለስ ይችላል፤ የቀድሞ ቡድኑ መልሶ የመቀበል ግዴታ ግን የለበትም። ስሙን ካስገባ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ስኮላርሺፑን ማቋረጥ ይችላል። ልጁ «የተሻለ አገኛለሁ» ብሎ የያዘውን የሚለቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ደጋፊው አያየውም፤ የሚያየው ከላይ ያሉትን ብቻ ነው።

«በየዓመቱ ቡድን መቀየር ክልክል ነው፣ አንድ ዓመት ይቀመጣል»

ነበር። በድሮው ደንብ የተዛወረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። በኤፕሪል 2021 የመጀመሪያው ዝውውር ከዚያ ነፃ ሆነ። በዲሴምበር 2023 ዌስት ቨርጂንያ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የተዛወሩትን የሚያስቀምጠውን ደንብ አገደ። በኤፕሪል 2024 ኤንሲኤኤ ራሱ ደንቡን ተወው። አሁን ትምህርቱን በሚገባ እስከያዘ ድረስ በየዓመቱ መዛወር ይችላል። ኤጄ ስቶር ሴንት ጆንስ፣ ዊስኮንሲን፣ ካንሳስ፣ ኦል ሚስ፤ በአራት ዓመት አራት ዩኒቨርሲቲ።

«ለገንዘብ ብሎ ከዳን»

ይቺን በ2025 የጸደይ ወራት ሜሪላንድ ደጋፊ መሀል የሰማ ያውቃታል። ነገሩን በቅርበት እንየው።

ማርች 23፣ ሲያትል፣ ማርች ማድነስ። ኮሎራዶ ስቴት 71 ለ 70 እየመራ ነው፤ የቀረው ጥቂት ሰከንድ። ኳሱ ለሜሪላንዱ ዴሪክ ኩዊን ተሰጠ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ረጅምና ደንዳና። በግራ በኩል ገፍቶ ሄደ፣ ወደ ውጪ እየወደቀ ለቀቃት። ኳሷ ሰሌዳውን መታ ገባች። ሰዓቱም አለቀ። 72 ለ 71። የተቃዋሚው ደጋፊ እስከ ዛሬ «ኳስ ይዞ ሮጧል» ይላል፤ ይበል። ጋዜጠኞች ይህን ሁሉ ልበ ሙሉነት ከየት አመጣኸው ሲሉት ከመለሰላቸው አንዱ ባልቲሞር መወለዱ ነበር።

ከአራት ቀን በኋላ ሜሪላንድ በፍሎሪዳ 87 ለ 71 ተሸንፎ ወጣ። ከዚያ ሦስት ቀን ቆይቶ አሰልጣኙ ኬቨን ዊላርድ ወደ ቪላኖቫ ሄደ። ውድድሩ ላይ እያለ እንኳን ስለ በጀት በአደባባይ ሲናገር ነበርና ያልጠረጠረ የለም።

የአካባቢው ሰው በሜሪላንድ ሸርጣን ስም «ክራብ ፋይቭ» ያላቸው አምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች በሙሉ በሚቀጥለው ዓመት አልነበሩም። ግን እስቲ እንቁጠራቸው። ጁሊያን ሪስና ሴልተን ሚገል የመጫወቻ ዘመናቸውን ጨርሰዋል። ኩዊን ወደ ኤንቢኤ ሄዶ በ13ኛነት ተመረጠ። የተዛወሩት ሁለት ናቸው፤ ጊሌስፒ ወደ ቴነሲ፣ ሮድኒ ራይስ ወደ ዩኤስሲ። ሁለቱንም ያመጣቸው አሰልጣኝ ቀድሟቸው ወጥቷል። ታዲያ ማን ማንን ከዳ? ዊላርድን የተካው በዝ ዊልያምስም ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ሲመጣ ፋሬል ፔይንንና ሰለሞን ዋሽንግተንን ይዞ መጣ። እነሱን ከዳተኛ ያላቸው የኮሌጅ ፓርክ ሰው አልሰማሁም።

ገንዘብ የለበትም አልልም። አለበት፣ በደንብ አለበት። ግን ተጫዋች የሚለቀው አሰልጣኙ ሲሄድ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲከርም፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሲመጣበትም ነው። አንዳንዱን ደግሞ አሰልጣኙ ራሱ በጨዋ ቋንቋ «ቦታ ፈልግ» ይለዋል። መግለጫው ላይ ግን ሁልጊዜ «ቤተሰቤንና አሰልጣኞቼን አመሰግናለሁ» ነው።

«ዩኒቨርሲቲያችን 20.5 ሚሊዮን ዶላር አለው፣ የፈለገውን ያመጣል»

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? በጁን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ሀውስ የተባለውን የክስ ስምምነት አጸደቁ። ከጁላይ 1 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ከስፖርት ገቢያቸው ለተጫዋች በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ለመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ግን ይህ ለሁሉም ስፖርት ነው፤ ለሴቱም፣ ለወንዱም፣ ለዋናውም፣ ለሩጫውም። ትልቅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ያለው ዩኒቨርሲቲ ብዙውን ለዚያ ያውላል። ጣሪያ ማለት ደግሞ ሁሉም እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። በተቃራኒው እንደ ሴንት ጆንስ ያለ ፉትቦል የሌለው ዩኒቨርሲቲ ለቅርጫት ኳሱ የሚተርፈው ይበዛል። ደጋፊው ቁጥሩን ከመጥራቱ በፊት ይህን ቢጠይቅ ይሻላል።

«የዝውውር ደረጃ አንደኛ ከወጣን ዋንጫው የኛ ነው»

የኔ ዋናው ጭቅጭቅ ይሄ ነው።

ካንሳስ በ2024 የበጋ ወራት ስቶርን ከዊስኮንሲን፣ ራይለን ግሪፈንን ከአላባማ፣ ዚክ ማዮን ከሳውዝ ዳኮታ ስቴት አመጣ። ከሚሺጋን የመጣው ሀንተር ዲኪንሰንም አብሮ ነበር። ሲዝኑ ሳይጀመር በአሶሺየትድ ፕሬስ አንደኛ ተባለ። ከዚያስ? 21 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ማርች ማድነስ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ በአርካንሳስ 79 ለ 72 ተሰናበተ። ዊስኮንሲን ላይ በጨዋታ ወደ 17 ነጥብ ያስቆጥር የነበረው ስቶር ካንሳስ ላይ ስድስት አካባቢ ቀረ። ልጁ ኳስ አልጠፋበትም። ዊስኮንሲን ላይ ኳሱ በእሱ እጅ ነበር፤ ካንሳስ ላይ ኳሱን የሚፈልጉ ሌሎች ነበሩ። ነጥብ ከሻንጣ ጋር አይጓዝም።

በዚያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ፍሎሪዳ ነው፤ በፍጻሜው ሂውስተንን 65 ለ 63 ሳን አንቶኒዮ ላይ አሸነፈ። «ያውና፣ በፖርታል ነው ያሸነፈው» ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ። ሦስቱ ጠባቂዎች የተዛወሩ ናቸው። የመጡበትን ዓመት ግን እዩልኝ። ሪቻርድ ከቤልሞንት በ2022። ዋልተር ክሌይተን ከአዮና በ2023። አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ በ2024። በአንድ ሰሞን የተገዛ ቡድን አይደለም። አንድ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ሌላ ይጨመርበታል። ከፊት ከሚጫወቱት መካከል አሌክስ ኮንደንና ቶማስ ሃው ደግሞ ከመጀመሪያ ዓመታቸው ጀምሮ እዚያው የነበሩ ናቸው። ክሌይተን የመጨረሻው አራት ውድድር ምርጥ ተጫዋች የተባለው በፍሎሪዳ ሁለተኛ ዓመቱ ነው።

ፐርዱም አለ። በ2024 ለፍጻሜ ሲደርስ ከሌላ ዲቪዥን አንድ ቡድን ያመጣው ቋሚ ተሰላፊ ላንስ ጆንስ ብቻ ነበር። ዛክ ኢዲ አራት ዓመት እዚያው ቆይቶ ሁለት ጊዜ የአገሪቱ ምርጥ ተባለ። ዋንጫውን ግን ከቋሚ ተሰላፊዎቹ ሁለቱ የተዛወሩ የነበሩት ዩኮን 75 ለ 60 ወሰደበት። ስለዚህ ፖርታል አይጠቅምም የሚል ሰውም ተሳስቷል። ሚሺጋን በ2024 ስምንት ብቻ አሸንፎ 24 ተሸንፎ ነበር፤ አዲሱ አሰልጣኝ ደስቲ ሜይ ቭላድ ጎልዲንን ከቀድሞ ቡድኑ፣ ዳኒ ዎልፍን ከዬል አምጥቶ በሚቀጥለው ዓመት 27 አሸነፈ። የዝውውር ደረጃ ሠንጠረዥ ግን የሚቆጥረው የገባውን ነው። ማን እንደቀረ አይነግርህም። እኔ በበኩሌ በየጸደዩ መጀመሪያ የማየው የማይለቁትን ነው።

«ከትንሽ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ከትልቆቹ ጋር አይችልም»

ዳልተን ነክት ከሰሜን ኮሎራዶ መጥቶ ቴነሲ ላይ የኤስኢሲ (ከትልልቆቹ የኮሌጅ ሊጎች አንዱ) የዓመቱ ምርጥ ሆነ፤ በ2024። ጆናይ ብሩም ከሞርሄድ ስቴት መጥቶ ኦበርን ላይ ያንኑ ሽልማት በ2025 ወሰደ። ክሌይተንን ከላይ አየነው። ይበቃል።

«የውጭ ተማሪውም እንደ ሌላው ይከፈለዋል»

ይህን አበሻ ከማንም በላይ ይረዳል፤ ኤፍ-1 ቪዛ ምን እንደሆነ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በ2021 ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ሲፈቀድ የኤፍ-1 ባለቤቶች በሩ ላይ ቀሩ። ኤንሲኤኤ ቢፈቅድም የኢሚግሬሽን ሕጉ አልተለወጠም። ቪዛው ለትምህርት ነው፤ ሥራ በጣም የተገደበ ነው። ካናዳዊው ኢዲ የአገሪቱ ምርጥ ሆኖ እንኳን የቡድን ጓደኞቹ የሚሠሩትን ማስታወቂያ እንደነሱ መሥራት አይችልም ነበር።

ኮንጎአዊው ኦስካር ቺብዌም አለ። እሱ ራሱ ከዌስት ቨርጂንያ ወደ ኬንታኪ የተዛወረ ነው፤ በ2022 የአገሪቱ ምርጥ ተባለ። በዚያው ዓመት በኦገስት ኬንታኪ ለወዳጅነት ጨዋታ ባሃማስ ሲሄድ ቺብዌ የማስታወቂያ ሥራዎቹን እዚያ ሠራ። ሥራው ከአሜሪካ ውጪ ስለሆነ ቪዛውን አይነካም በሚል ነው። አስቡት፤ የአገሪቱ አንደኛ ተጫዋች ፎቶ ለመነሳት ባሕር ይሻገራል። በቀጥታ የሚከፈለው አዲሱ የገቢ ክፍያም ለእነዚህ ልጆች በጠበቃ የሚታይ ጉዳይ ነው። አንድ የውጭ ልጅ አነስተኛ ክፍያ ወዳለበት ዩኒቨርሲቲ ቢሄድ ወይም ወደ አውሮፓ ቢመለስ ምክንያቱ ፓስፖርቱ ሊሆን ይችላል።

«ኢንስታግራም ላይ ፎሎው አድርጎናል፣ ሊመጣ ነው»

ሃያ ቡድን ፎሎው አድርጎ ይሆናል። ይልቅ ፖርታሉ ውስጥ አንድ ምልክት አለ፤ «እንዳታነጋግሩኝ» የሚል። ተጫዋቹ ይህን ካስደረገ ብዙውን ጊዜ የሚሄድበትን ቀድሞ ያውቃል።