በቦክስ «መሸሽ» ምንድን ነው?

«ከወደቀ ወዲህ ጠንካራ ተጋጣሚ እየሸሸ ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ከቴሌቪዥን ሰማኋት። ተንታኙ የሚናገረው ስለ አንድ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነበር። ከዚህ በፊትም ስንት ጊዜ ሰምቼ አልፌያታለሁ። አሁን የማላልፋት በማግስቱ እኔ የማሠለጥንበት አዳራሽ ገብታ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ላይ ተለጥፋ ስላገኘኋት ነው። ልጁ ከሦስት ሳምንት በፊት ልምምድ ላይ ቀኝ ቡጢ አገጩ ላይ አርፎበት ወድቋል። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር እንዲገጥም አልፈቀድኩለትም። ጓደኞቹ ግን «ሸሸ» አሉት። በጎጃም አንድ ወጣት ፈሪ ሲባል ስሙ ከእሱ አልፎ አባቱ ቤት ድረስ እንደሚሄድ ለማንም አልነግርም።

በእኛ ሙያ አንድ ቦክሰኛ ሸሸ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲገጥሙ ነው። ግጥሚያው በእርግጥ ቀርቦለታል፤ ለመግጠም ጤናውም ውሉም ይፈቅድለታል፤ እሱ ራሱ እምቢ ብሏል። አንዱ ከጎደለ ቃሉ አይሠራም። መውደቅ ከሦስቱ ውስጥ የለም።

ለገበሬ ልጅ ነገሩን በመቀናጆ ባስረዳው ይቀለኛል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እየተባባሉ ያርሳሉ። አሁን አንደኛው በሬ ዋልካ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ እንበል። በማግስቱ ማሳው ላይ ጥማድ የለም። በመንገድ የሚያልፍ ሰው «ያ በሬ ከወደቀ ወዲህ ቀንበር ፈርቷል» ቢል ምን አውቆ ነው? ምናልባት ባለቤቱ እግሩን ዳብሶ «ይረፍ» ብሎ ይሆናል። ምናልባት በሬውን ያስቀረው ጎረቤትየው ነው። ምናልባት የተራ ጉዳይ አላስማማቸውም። ምናልባት ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ አልያዝ ብሎ ይሆናል። ባዶው ማሳ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

የከባድ ሚዛን ግጥሚያም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ የቦክሰኛው ሥራ አስኪያጅና ግጥሚያውን የሚያዘጋጀው ሰው ናቸው፤ ጎረቤቱ የተጋጣሚው ወገን ነው፤ ተራው የሻምፒዮንነት ቀበቶ ሰጪዎቹ ድርጅቶች «ቀጥሎ ከዚህ ሰው ጋር ግጠም» እያሉ የሚያወጡት ትእዛዝ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ሁለቱ ቦክሰኞች በተለያዩ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ውል ሲታሰሩ ነው። በእርግጥ በሬዎቹ ጎን ለጎን ሲጎትቱ ቦክሰኞቹ ፊት ለፊት ይደባደባሉ። ይሁንና እስከ ግጥሚያው ሌሊት ድረስ እነሱም የተጠመዱት በአንድ ቀንበር ነው፤ ገቢው አንድ ስለሆነ አብዛኛው ጭቅጭቅ የክፍፍል ጭቅጭቅ ነው።

እንግሊዛዊውን የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ታይሰን ፉሪን እንይ። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በታኅሣሥ 2018 ሎስ አንጀለስ ላይ አሜሪካዊው ሻምፒዮን ዲዮንቴ ዋይልደር በ12ኛው ዙር ጀርባው እስኪነጠፍ ጣለው። አሥር ቢቆጠርበት ተሸንፎ ነበር፤ ዳኛው ዘጠኝ ሲቆጥር ተነሣ፤ ግጥሚያው በአቻ ውጤት አለቀ። ቀጥሎ የገጠመው ቶም ሽዋርዝን፣ ከዚያም ኦቶ ዋሊንን ነው። ያኔም «ዋይልደርን ሸሸ» ተብሏል። ሁለቱ ቦክሰኞች ግን የተለያዩ ጣቢያዎች ሰዎች ነበሩ፤ ዝናቡ ይሄ ነው። በየካቲት 2020 በድጋሚ ሲገናኙ ፉሪ በሰባተኛው ዙር አሸነፈው። በጥቅምት 2021 ለሦስተኛ ጊዜ ገጠመው፤ በአራተኛው ዙር ሁለት ጊዜ ወድቆ በ11ኛው በዝረራ አሸነፈ።

ያ ተንታኝ «ታዲያ መሐል ላይ ቀላል ሰው ለምን ተመረጠ?» ይል ይሆናል። «ቀላል» የተባለው ዋሊን የፉሪን ቀኝ ቅንድብ ሰንጥቆ በ47 ስፌት ነው ያሰናበተው። ያ ቁስል ትንሽ ሰፍቶ ቢሆን ሐኪሙ ግጥሚያውን ያስቆመው ነበር፤ የዋይልደር ድጋሚ ግጥሚያም በዚያው ይቀር ነበር። ከውጭ ቀላል የሚመስል ተጋጣሚ ለሚገጥመው ሰው ቀላል አይደለም። ይህን ጓንት ያላጠለቀ ሰው ደፍሮ ሲፈርድ ስሰማ አዝናለሁ።

በጥቅምት 2023 ደግሞ ሪያድ ላይ፣ ከዚያ ቀን በፊት በፕሮፌሽናል ቦክስ ተጋጥሞ የማያውቀው ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ ፉሪን በሦስተኛው ዙር ጣለው። ፉሪ በተከፋፈለ የዳኞች ነጥብ ቢያሸንፍም፣ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ወሬው ሁሉ ስለ መውደቁ ሆነ። ያኔ ተሸንፎ ከማያውቀው ዩክሬናዊ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ጋር ለየካቲት 2024 የተቀጠረው ግጥሚያ ፉሪ ልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተሰንጥቆ ሲራዘም «ይኸው ሸሸ» ተባለ። በግንቦት ገጠመው። በዘጠነኛው ዙር በቡጢ ናዳ ተገፍቶ ገመድ ብቻ ደግፎ ስላቆመው ተቆጠረበት፤ በነጥብ ተሸነፈ። በታኅሣሥ እንደገና ገጠመው፤ እንደገና ተሸነፈ። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ከኡሲክ ፊት የቆመን ሰው ሸሺ የሚለው ቃል አይገልጸውም።

ታሪክ ከተጠየቀ ከወደቁት ብዙዎቹ ወደ አደጋው ነው የሄዱት። ካሲየስ ክሌይ፣ በኋላ መሐመድ አሊ፣ በሰኔ 1963 ለንደን ላይ በሄንሪ ኩፐር ግራ እጅ በአራተኛው ዙር ወደቀ። ቀጣዩ ተጋጣሚው በዚያ ዘመን የሚያስፈራው ሶኒ ሊስተን ነበር። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ሌኖክስ ሉዊስ በሚያዝያ 2001 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሐሲም ራህማን በዝረራ ተሸነፈ፤ ራህማን ፊቱን ወደ ሌላ ግጥሚያ ሲያዞር ሉዊስ ፍርድ ቤት ሄዶ የድጋሚ ግጥሚያ መብቱን አስከበረ። የዘረረውን ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስመጥቶ በኅዳር በአራተኛው ዙር ዘረረው።

እውነተኛ መሸሽስ የለም? አለ። ሪዲክ ቦ በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ በዚሁ ሉዊስ ተሸንፎ ነበር። በ1992 ሻምፒዮን ሆኖ ሉዊስን እንዲገጥም ሲታዘዝ ቀበቶውን የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ግጥሚያው ታዟል፤ ጤነኛ ነው፤ እምቢ ብሏል። ሦስቱም አሉ። ጃክ ዴምፕሲ ከ1919 እስከ 1926 ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ ጥቁሩን ሃሪ ዊልስን አንድም ቀን አልገጠመም፤ ውል እስከ መፈራረም ቢደረስም ግጥሚያው አልተካሄደም። ይህኛውን ግን በዴምፕሲ ፍርሃት ብቻ አልመዝነውም፤ የቆዳ ቀለም ድንበር ያሰመሩ ሰዎች ነበሩበት። ባዶውን ማሳ ብቻ አይቶ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። መውደቅ ሁሉ አንድ ተደርጎ ይቆጠራል። እግሩ ተጠላልፎ የወደቀ አለ፤ ጉበቱን ተመትቶ ትንፋሽ ያጠረው አለ፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ዓይኑ የፈዘዘ አለ። እንደ አሠልጣኝ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ሦስተኛው ነው። በአማተር ቦክስ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን አይገጥምም፤ እኔ ልጁ ተነሥቶ ቢቆምም ዓይኑ ከፈዘዘ ይህንኑ እጠብቃለሁ። የልምምድ ቡጢም ቡጢ ነው፤ አንጎል ተመልካች መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ደንቡን ጠብቆ ያረፈን ልጅ «ሸሸ» ማለት ሳይድን ወደ ገመዱ መግፋት ነው። ከዚህ ቃል የምጠላው ይህን ነው።

ፍርሃት ካለ የት እንደሚታይ ልንገራችሁ፤ ውል ላይ አይታይም። የፈራ ቦክሰኛ የተጋጣሚው ትከሻ ገና ሲነቃነቅ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ወደ ጎን መዞር ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የኋላ እግሩ ተረከዝ መሬት ላይ ይጣበቃል። ርቀት ጠብቆ በግራ እጁ እየቆነጠረ የሚዞረውን ከዚህ ጋር አታምታቱት። አንቶኒ ጆሹዋ በሰኔ 2019 በአንዲ ሩይዝ አራት ጊዜ ከወደቀ በኋላ በታኅሣሥ ያንኑ ሰው እንደዚያ እየዞረ በነጥብ አሸንፎታል።

የልጁ ሠላሳኛ ቀን በሚቀጥለው ሳምንት ይሞላል። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ጓንቱን እኔው አስርለታለሁ። የማገጥመው ከጣለው ልጅ ጋር አይደለም፤ በክብደት አራት ኪሎ ግራም ከሚያንሰው፣ እጁ ፈጣን ሆኖ ከማይከብድ ልጅ ጋር ነው። የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱማ የጣለውን ስጠኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ለምኖኛል፤ ጓደኞቹ ይህን አልሰሙም። ደወሉ ሲመታ እኔ የማየው የኋላ ተረከዙን ነው።