«የዕለት እንጀራችን» ስንል

የተወደዳችሁ የጌታ ቤተሰቦች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው ቅዳሜ ከእምነት ትምህርት ልጆቻችን ጋር የጌታን ጸሎት ስናጠና አራተኛው ልመና ላይ ደረስን። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን።» የተሐድሶው መሪ የማርቲን ሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም፣ ያቺን የጥያቄና መልስ የእምነት መማሪያ፣ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከእያንዳንዱ ልመና በኋላ አንዲት አጭር ጥያቄ ትከተላለች። «ይህ ምን ማለት ነው?» እኔም ጠየቅኳቸው። ፊት የተቀመጠው ልጅ እጁን እንኳ ሳያወጣ «ጤፍ!» አለ። አንዷ «ዳቦም አለ» ብላ አረመችው። ከኋላ አንዱ «ሽሮስ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሽሮም አለበት። ግን የሉተር መልስ ከሽሮ አልፎ ይሄዳል። ምግብና መጠጥ ብሎ ይጀምርና ልብስ፣ ጫማ፣ ቤት፣ እርሻ፣ ከብት፣ ገንዘብ እያለ ይቀጥላል። ጥሩ የትዳር ጓደኛና ጥሩ ልጆች ይጨምራል። ታማኝ ገዢዎችና መልካም አስተዳደር ይመጣሉ። ከዚያ ጥሩ የአየር ጠባይ፣ ሰላም፣ ጤና። መጨረሻው ላይ ደግሞ መልካም ወዳጆችና ታማኝ ጎረቤቶች።

ሰላም የገባችበትን ቦታ ልብ በሉልኝ። ከዝናቡ ቀጥሎ፣ ከጤና በፊት ነው ያስቀመጣት። ብዙዎቻችን የሰላም ጸሎት ለብቻው የሚያዝ ፕሮግራም ይመስለናል። አገር ሲታመስ ጾም እናውጃለን፤ ነገሩ ረገብ ሲል ወደየጉዳያችን እንመለሳለን። በካቴኪዝሙ ግን ሰላም እንጀራው ውስጥ ተቦክታ የምትጋገር ነገር ናት። የጌታን ጸሎት በደገምን ቁጥር ሳናውቀው እንለምናታለን።

ሉተር ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1529 ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ በሳክሶኒ ያሉ አጥቢያዎችን እየዞረ ሲጎበኝ፣ ሕዝቡ የጌታን ጸሎት እንኳ በወጉ እንደማያውቅ አይቶ ደንግጦ ነበር። ስለዚህ ትንሿን መጽሐፍ አባወራ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያስተምርባት አድርጎ አዘጋጃት። በዚያው ዓመት በወጣው በትልቁ ካቴኪዝም ደግሞ ይህንኑ ልመና ሲያብራራ፣ ጠብና ጦርነት ባለበት የዕለት እንጀራ ወይ ጨርሶ ተወስዷል ወይ ጎድሏል ይላል።

ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የ2013 ዓ.ም. ክረምት አልፎ የ2014 መስከረም ሲጠባ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ትምህርት ቤቶቹን ሞልተውት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተራው የእኛ ሆነ። ደሴም ኮምቦልቻም በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም እንደዚያው ቆየን። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። እቤታችን ግማሽ ኩንታል የማትሞላ ስንዴ ነበረችን። «ተመስገን፣ ስንዴ አለን» ብዬ ተኝቻለሁ። በማግስቱ ነው ሞኝነቴ የገባኝ። ወፍጮ ቤቱ ያለ መብራት አይዞርም። ስንዴ አለን፣ ዱቄት የለንም። ሁለት ቀን ንፍሮ በላን። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ንፍሮውን ሲያዩ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ።

እማማ የምንላቸው ሙስሊም ጎረቤት አሉን። ጓሯቸው ውስጥ አንድ የድንጋይ ወፍጮ አለ። ዶሮ ውሃ ሲጠጣበት ስንት ዓመት እንደኖረ እንጃ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ድንጋዩን አሽተው አጥበው፣ መጁን ከአሮጌ ዕቃ መሃል ፈልገው አውጥተው በአጥሩ በኩል ባለቤቴን ተጣሩ። «ነይ እንጂ አንቺ! ስንዴሽን ይዘሽ ነይ!» ተራ ገቡ። እሳቸው «ቢስሚላህ» ብለው ይጎነበሳሉ፣ ሲደክማቸው ባለቤቴ «በኢየሱስ ስም» ብላ ትተካቸዋለች። እኔም ሞከርኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወገቤ እምቢ አለ፤ እማማ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ። እዚያ ሰሞን ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። የወጣው ዱቄት ሻካራ ነበር። ቂጣው ምጣዱ ላይ እየተሰነጠቀ አስቸገረ። እማማ ቂጣውን የቆረሱት ግን በሰው ብዛት አልነበረም፤ በግቢው ዙሪያ ባሉት ቤቶች ቁጥር ነው። የማን ስንዴ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

የዚያን ዕለት ማታ በጨለማ የጌታን ጸሎት ስንጸልይ «እንጀራችንን» የምትለው ቃል ላይ ቆምኩ። ጌታ «እንጀራዬን» በሉ አላለንም። ያን ሁሉ ዓመት ስጸልይ ያቺ «ችን» ከእኔ ቤት ጣሪያ በታች ያሉትን፣ ሲበዛ ደግሞ የማኅበረ ምእመናናችንን ሰው ብቻ የምትይዝ ይመስለኝ ነበር። ካቴኪዝሙ እኮ በግልጽ ይነግረናል፦ እግዚአብሔር የዕለት እንጀራን እኛ ባንጸልይም ለክፉዎች እንኳ ይሰጣል፤ የምንለምነው ከእጁ መሆኑን አውቀን በምስጋና እንድንቀበል ነው። ጌታም «በጻድቃንና በኃጢአተኞችም ላይ ዝናቡን ያዘንባል» ብሏል። ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ሲቋጠር ዝናቡ የማንን ጣሪያ መርጦ ይዘንባል?

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ ቅር ይላቸዋል። «ታዲያ እምነት ልንቀላቅል ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ጸሎታቸውን፣ ተቀምጠው፣ ቡና አፍልተው ስለ አገር ዱዓ ሲያደርጉ እነሱ በእምነታቸው ነው፤ እኛ ደግሞ በኢየሱስ ስም ነው ወደ አብ የምንቀርበው። ይህን ደብቀን አናውቅም፣ እነሱም ያውቁታል። የምንለምንላት ከተማ ግን አንዲት ናት። ኤርምያስ ባቢሎን ለተጋዙት ሲጽፍ «የከተማዋን ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ወደ እግዚአብሔር ጸልዩ» ብሏል፤ ምክንያቱንም «በእርስዋ ሰላም ሰላም ይሆንላችኋልና» ሲል ነግሯቸዋል። እነዚያ በጠላት አገር ለጠላት ከተማ ነው የጸለዩት። እኛ ደግሞ ለገዛ አገራችን፣ ለቡና ጎረቤቶቻችን፣ አብረውን በአንድ ቅሬ፣ በአንድ እድር፣ ለሚቀብሩን ሰዎች ነው። በዚህ ከተማ ድንኳን ሲተከል ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም እኛም ገመድ እንስባለን። ሰፈር ውስጥ «ጴንጤዎቹ» ነው የምንባለው፤ ቄስ አለን፣ ሕፃን እናጠምቃለን፣ ሉተራዊ ነን ብሎ ማስረዳቱን ግን እኔ ትቼዋለሁ። ድንኳኑ ስር ማንም አይጠይቅም።

ስለ ገዢዎችም አንድ ነገር ልበል። መልካም አስተዳደርን ሉተር እንጀራ ውስጥ ከተተው ማለት ባለ ሥልጣን ይመለክ ማለት አይደለም። እንዲያውም በትልቁ ካቴኪዝም አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ የደግ መስፍን ዓርማ ላይ በአንበሳ ፈንታ ዳቦ ቢሳል ይሻላል ይላል። ብዙ ዘመን አንበሳን በዓርማችን ይዘን ለኖርን ሰዎች ይህ ጥሩ ቀልድ ነው፤ ትምህርትም አለው። ሥልጣን የሚመዘነው ሕዝቡ በሰላም እንጀራውን በመብላቱ ነው። ለመሪዎች ስንጸልይ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንዳለው «ጸጥና ዝግ ብለን እንድንኖር» ነው የምንለምነው። በአንድ ወገን ድል ላይ «አሜን» ለማለት አይደለም። ጸሎታችን ወደ ፖለቲካ መፈክር ስትሸራተት ቀስ ብላችሁ አስቁሙን፤ የጸሎት መሪዎችንም ጭምር።

ቤተ ክርስቲያናችን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከተመሠረተች ጀምሮ ወንጌልንና እንጀራን ነጣጥላ አላየችም። በ1964 ዓ.ም. ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ይህንኑ ነው ያለው፤ ስብከትና ልማት፣ ነፍስና ሥጋ አይነጣጠሉም፣ ሰው ሁለንተናው ነው የሚገለገለው። ያኔ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በደርግ ዘመን አገር ለቀው እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ስለ ሰላም የሚጸልይ ሰው ሰላም የሌለበትን ቦታ ጥሎ እንደማይሮጥ ከእሳቸው በላይ ማን ያስተምረናል?

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ከጦርነቱ በኋላ አንድ ቀን በቴሌግራም ወሬ ደረሰኝ። በሰፈራችን ስላለ አንድ ልጅ ነው፤ «ከእነሱ ጋር ሲሠራ ነበር» የሚል፤ ከተማዋን ይዘው ከነበሩት ጋር ማለት ነው። አላጣራሁም፣ ለሁለት ሰው አስተላለፍኩት። ልጁን በኋላ አገኘሁት፤ ያን ሰሞን አልጋ ላይ የወደቁ አያቱን ሲያስታምም ነበር የከረመው። እግዜር ይይልኝ፣ አፈርኩ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ወሬውን የላክሁላቸውን ሰዎችም ሐሰት መሆኑን ነገርኳቸው፤ ይኸኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ስምንተኛው ትእዛዝ «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» ነው። ካቴኪዝሙ ሲያብራራው መዋሸት ብቻ አይደለም ይላል፤ ለባልንጀራችን ጥብቅና እንድንቆምለት፣ በጎውን እንድናወራለት፣ ነገሩን ሁሉ በደግ እንድንተረጉምለት ነው። በእሑድ አምልኮ ስለ ሰላም ምልጃ አድርገን ሰኞ ወሬ ካስተላለፍን፣ በአንድ እጃችን የለመንነውን እንጀራ በሌላው እጃችን እየቆረስን እየጣልነው ነው።

ወደ ልጆቹ ልመለስና ልጨርስ። ጠመኔ ሰጠኋቸውና የደሴን የዕለት እንጀራ ሰሌዳው ላይ እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። «ውሃ» ተጻፈ፤ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። «መብራት።» አንዱ «ኔትወርክ» ብሎ ጻፈ፣ ልሰርዘው አስቤ ተውኩት። «የቀዶ ጥገና ቀጠሮ» የጻፈው ልጅ እናቱ ታማበታለች። «ጎረቤት» የሚለውን ማን እንደጻፈው አላየሁም። በመጨረሻ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነስታ በትንንሽ ፊደል «አባቴ በሐረጎ ሲመጣ» ብላ ጻፈች። አባቷ በየቀኑ በሐረጎ ተራራ መንገድ ኮምቦልቻ ለሥራ ይወርዳል። ጭጋጉንም፣ ጠመዝማዛውንም፣ መንገዱ የሚዘጋበትንም ቀን ታውቃለች።

ሰሌዳውን አላጠፋሁትም። ረቡዕ ማታ በ11 ሰዓት ተኩል ለጸሎት ስንሰበሰብ የምልጃ ዝርዝራችን እሱ ነው፤ ከላይ ጀምረን አንድ በአንድ እንጸልይበታለን፣ ኔትወርኩንም ጨምሮ። የምትጨምሩት ካለ ጠመኔው መስኮቱ ላይ አለ። ጋቢ ያዙ፣ አዳራሹ ይበርዳል።